ለትናንት ጉልበት የነገ ክፍያ

እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 (በዚህ ዳሰሳ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቦስተን ሴልቲክስና ዋሽንግተን ዊዛርድስ በኤንቢኤ የምሥራቅ ምድብ ግማሽ ፍጻሜ ሰባት ጊዜ ተጋጠሙ። የሁለቱም ቡድን ልብ ፖይንት ጋርዱ ነበር፤ ኳሱን ይዞ የሚወጣው፣ ጨዋታውን የሚያቀናብረው፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ሁሉም ዓይኑን የሚጥልበት ሰው። የቦስተኑ አይዛያ ቶማስ እህቱን በመኪና አደጋ ካጣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው፣ በልደቷ ቀን በተደረገው ሁለተኛ ጨዋታ 53 ነጥብ አስቆጠረ። የዋሽንግተኑ ጆን ዎል ደግሞ በስድስተኛው ጨዋታ 3.5 ሰከንድ ሲቀር ባለሦስት ነጥብ ኳስ አግብቶ ቡድኑን 92 ለ91 አሸናፊ አደረገ፤ የውጤት መዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ከአዳራሹ ጋር አብሮ ጮኸ። ሰባተኛውን ቦስተን ወሰደው።

ከዚያ በኋላ የሁለቱ ዕጣ ተለያየ። ዎል በዚያው ዓመት ጁላይ ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የአራት ዓመት ውል ፈረመ። ቶማስ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በታች እየተከፈለው በአማካይ 28.9 ነጥብ ያስቆጠረበት ያ ዓመት ዳሌውን ጎድቶት ነበር። ሕመሙን ችሎ ተጫወተ፤ በኦገስት ወደ ክሊቭላንድ ተላከ፤ በ2018 ከዴንቨር ያገኘው ውል ለነባር ተጫዋች የሚከፈለው ዝቅተኛው ደመወዝ፣ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2019-20 የውድድር ዘመን ሁለቱ እዚያው ዋሽንግተን በአንድ ማሊያ ተገናኙ። ዎል በዚያ ዓመት አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት 38 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው፤ እሱ በሌለበት ኳሱን ይዞ የሚወጣው በዝቅተኛው ደመወዝ የተቀጠረው ቶማስ ነበር።

የቅርጫት ኳስ ደጋፊዎች ዓመት እየመጣ ስሙን ብቻ እየቀያየሩ የሚከራከሩበት ጥያቄ እዚህ ላይ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ዕድሜው የገፋ፣ የተጎዳ ፖይንት ጋርድ ያን ሁሉ ገንዘብ ይገባዋል ወይ? ክርክሩ ሲጦፍ ጣት የሚቀሰረው በተጫዋቹ ላይ ነው። እኔ ተጠያቂው እሱ አይደለም ባይ ነኝ። ያም ሆኖ ከደጋፊው ወገን ያለው አቤቱታ ከሚገመተው በላይ ክብደት ስላለው መቅደም ያለበት እሱ ነው።

የደጋፊው ቁጣ ብዙ ጊዜ ቅናት ተብሎ ይናቃል። «የሰው ደመወዝ ምን አገባህ?» ይባላል። በአውሮፓ እግር ኳስ ቢሆን ይህ መልስ ያስኬድ ይሆናል፤ አንድ ክለብ በውድ የገዛው አማካይ ቢሰበርበት ኪሳራው በአመዛኙ የባለቤቱ ነው፣ ገንዘብ ካለው ሌላ ይገዛል። ኤንቢኤ ግን የደመወዝ ጣሪያ አለው። በ2019-20 ጣሪያው 109 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ዎል ብቻውን ከዚያ 35 በመቶውን ያዘ። ጣሪያው የሚታለፍባቸው መንገዶች አሉ፤ የራስን ተጫዋች ለማቆየት ማለፍ ይቻላል፣ ሲበዛ የቅንጦት ግብር ያስከፍላል። ከውጭ ጥሩ ተጫዋች ለማስፈረም ግን ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ ተቀማጩ ሰው ያንን ቦታ ይዞታል። ለረጅም ጊዜ የተጎዳ ተጫዋችን ደመወዝ ከፊሉን ኢንሹራንስ ለባለንብረቱ ሊመልስለት ይችላል። ለጣሪያው የሚመልስ ኢንሹራንስ የለም። የባለንብረቱ ኪስ ሲካስ የቡድኑ ዕድል ሳይካስ ይቀራል፤ ዕዳው የሚያርፈው ትኬት ገዝቶ የተሸነፈ ቡድን በሚያይ ሰው ላይ ነው። ደጋፊው ስለ ገንዘብ የሚያወራ ቢመስልም የተወሰደበት ጊዜው ነው።

ይህን ከተቀበልን ቀጣዩ ጥያቄ ያ ውል ከየት መጣ የሚለው ነው።

ዎል በ2010 ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት መድረክ) አንደኛ ሆኖ ዋሽንግተን ሲገባ ቡድኑ ገና ከሌላ የፖይንት ጋርድ ውል ጋር እየታገለ ነበር። ጊልበርት አሪናስ በ2008፣ ጉልበቱን ተቀዶ በነበረበት ጊዜ፣ የ111 ሚሊዮን ዶላር የስድስት ዓመት ውል ተሰጠው። በተከታዩ የውድድር ዘመን የተሰለፈው በሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። ጠመንጃ ወደ መልበሻ ክፍል በማምጣቱ ታገደና በዲሴምበር 2010 ወደ ኦርላንዶ ሄደ። በምትኩ የመጣው ረሻርድ ሉዊስ ነበር፤ የእሱም ውል 118 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ፣ እንደ አሪናስ ውል ሁሉ ማንም የማይፈልገው። ኦርላንዶ በ2011 አሪናስን አሰናበተው፤ በዚያ ዓመት ሊጉ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ውል ከጣሪያው ላይ እንዲያነሣ ምሕረት ሰጥቶ ነበር። ከባድ ውል በከባድ ውል መለወጥ፣ ከዚያም ደንቡ እስኪታደግ መጠበቅ፤ ይህ መንገድ ዎል ትልቅ ውል ሳይፈርም በፊት የተለመደ ነበር።

ዎል በ2013 የአምስት ዓመት፣ 80 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ያን ጊዜ ብዙ ነው ተባለ። በሦስተኛው ዓመት ግን አዲሱ የቴሌቪዥን ገቢ መጣና ጣሪያው በአንድ ጊዜ ከ70 ሚሊዮን ወደ 94 ሚሊዮን ዘለለ። ከዎል ባነሰ ደረጃ የሚታይ ሬጂ ጃክሰን በዲትሮይት በ2015 ልክ እንደ እሱ 80 ሚሊዮን አግኝቶ ነበር፤ በ2016 የሜምፊሱ ማይክ ኮንሊ 153 ሚሊዮን ፈረመ። ዎል እንግዲህ በእግሩ ላይ ባለበት፣ በተከታታይ ኦል ስታር በተመረጠበትና ቡድኑ 49 ጨዋታ ባሸነፈበት ዘመን (ዋሽንግተን ከ1979 ወዲህ ያን ያህል አሸንፎ አያውቅም ነበር) ከዋጋው በታች ሲከፈለው ቆይቷል። በእነዚያ ዓመታት ቀሪው ይከፈለው ብሎ የጮኸ ደጋፊ አልነበረም። ሲጎዳ ይመልስ የሚል ግን ሞልቶ ነበር። በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ በላይ ፍትሕ የጎደለው ነጥብ ለእኔ ይህ ነው።

በዚያ መሐል ደንቡ ተለወጠ። በ2016 ኬቪን ዱራንት ኦክላሆማ ሲቲን ትቶ ወደ ጎልደን ስቴት ሲሄድ ትናንሽ ከተሞች ደነገጡ፤ ኮከብ ተጫዋችን ያሳደገው ቡድን ማንም ሊወዳደረው የማይችል ገንዘብ እንዲያቀርብ የሚፈቅድ አዲስ አንቀጽ ተጻፈ። ሕዝቡ ሱፐርማክስ አለው። ከጣሪያው 35 በመቶ፣ በየዓመቱ 8 በመቶ ጭማሪ። ብቁ ከሚያደርጉት አንዱ ደግሞ ጋዜጠኞች በሚሰጡት ድምፅ የዓመቱ ምርጥ 15 ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ መግባት ነው። ዎል በ2017 በዚህ ዝርዝር ሦስተኛው ቡድን ውስጥ ገባ፤ በሳምንታት ልዩነት ባለንብረቱ ቴድ ሊዮንሲስና ፕሬዚዳንቱ ኧርኒ ግረንፌልድ አንድ ውሳኔ ፊት ቆሙ። ካልሰጡት ኮከባቸው ይከፋዋል፣ ይሄዳል። ከሰጡት ገና ሁለት ዓመት ለሚቀረው የአሮጌው ውል ማብቂያ ዛሬ መፈረማቸው ነው። ክፍያው የሚጀምረው 29 ዓመት ሲሆነው፣ የሚያበቃው 32 ሲሞላው ነበር።

ይህ የሁለት ዓመት ክፍተት ነው ነገሩን ያበላሸው። ዎል በጃንዋሪ 2018 ግራ ጉልበቱ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በዲሴምበር 26 ቀን 2018 ዲትሮይት ላይ ለዋሽንግተን የመጨረሻውን ጨዋታ ተጫወተ፤ ተረከዙ ላይ በበቀለው አጥንት ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ቁስሉ አመረቀዘ፣ ከዚያም ቤቱ ውስጥ ወድቆ የአኪሊስ ጅማቱ ተበጠሰ። ሱፐርማክሱ ገና አንድ ሳንቲም አልተከፈለበትም ነበር። የቺካጎው ዴሪክ ሮዝም ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል፤ በ22 ዓመቱ የ2011 የሊጉ ምርጥ ሆኖ በዲሴምበር ወደ 95 ሚሊዮን የሚጠጋ ማራዘሚያ ፈረመ፤ ውሉ ሳይጀምር በአፕሪል 2012 የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ። ሁለቱም ጨዋታቸው ፍጥነት ነበር። የፖይንት ጋርድ ሕይወት ከፍጥነት ወደ ድንገተኛ መቆም፣ ከመቆም ወደ መፈናጠር ነው፤ ያንን የሚሸከሙት ደግሞ የጉልበትና የተረከዝ ጅማቶች ናቸው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከምናምን የሆነ ሰው ፍጥነቱ ቢቀንስ ቁመቱ ይተርፈዋል። ሮዝም ዎልም ያ አልነበራቸውም።

ታዲያ «ያረጀ ፖይንት ጋርድ አይከፈለው» ማለት ደንብ ሊሆን ይችላል? ክሪስ ፖልን የተመለከተ ሰው እንዲህ ለማለት ይቸግረዋል። በ2018 ሂውስተን ለ33 ዓመቱ ፖል 160 ሚሊዮን ዶላር ለአራት ዓመት ሰጠ። ገና ከመፈረሙ በፊት ነው ጡንቻው ተስቦ ከጎልደን ስቴት ጋር ሁለቱን ወሳኝ ጨዋታዎች ያጣው። ዓመት ሳይሞላ የሊጉ መጥፎው ውል ተባለ። ሂውስተን በ2019 ፖልን ከመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫዎች ጋር ጨምሮ ለኦክላሆማ ሲቲ ሰጥቶ ረስል ዌስትብሩክን ወሰደ። ፖል እዚያ ይወድቃል የተባለውን ቡድን ወደ ፕሌይ ኦፍ አስገባ፣ ኦል ስታር ተመረጠ፤ በ2021 ደግሞ በ36 ዓመቱ ፊኒክስን ፍጻሜ አደረሰ። በዚያው «መጥፎ» ውል። የደጋፊዎችም የባለሙያዎችም ትንበያ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም።

ስቲቭ ናሽ ደግሞ ክርክሩን ከሁለቱም ወገን ኖሮታል። በ2004፣ 30 ዓመት ሲሆነው፣ የዳላሱ ባለንብረት ማርክ ኩባን የናሽ ሰውነት ረጅም ውል አይችልም ብሎ ሰጋና ለቀቀው። ፊኒክስ በ65 ሚሊዮን ገደማ ለስድስት ዓመት ወሰደው፤ ናሽ በ2005ና በ2006 የሊጉ ምርጥ ሆነ። በ2012፣ በ38 ዓመቱ፣ ሌከርስ አራት የድራፍት ምርጫዎችን ከፍሎ የሦስት ዓመት፣ 27 ሚሊዮን ገደማ ውል ሰጠው። በሁለተኛው ጨዋታ ፖርትላንድ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን ከሚያደርገው ወጣት ዴሚየን ሊላርድ ጋር ተጋጭቶ እግሩ ተሰበረ። በሦስቱ ዓመታት የተጫወተው 65 ጊዜ ብቻ ነው። በ2014 ስለ መጨረሻ ዘመኑ በተሠራ ተከታታይ ፊልም ላይ ለምን ጡረታ እንደማይወጣ ሲናገር ከምክንያቶቹ አንዱ ገንዘቡ መሆኑን አልደበቀም። የሌከርስ ደጋፊዎች ተቆጡ። እኔ ግን ያ ንግግር በዚህ ጉዳይ ላይ ከተነገሩት ሁሉ ሐቀኛው ይመስለኛል። ጡረታ ቢወጣ ገንዘቡ ወደ ደጋፊው አይሄድም፤ የተፈራረሙት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ አንደኛው ወገን ቃሉን ሲጠብቅ ሌላኛው ለምን ይተው?

ዎል በተጫወተባት ዋሽንግተንና በዙሪያዋ፣ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ድረስ፣ ከአገር ውጭ ካሉት ትልልቆቹ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች አንዱ ይኖራል። ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ፣ መኪና ሲያቆም፣ የሆስፒታል ሌሊት ተራ ሲገባ ለኖረ ሰው «ቤቱ ተቀምጦ 38 ሚሊዮን» የሚለው ዜና የሚያስቆጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሹፌሩ ወገቡን ቢያመው በማግስቱ የሚከፍለው የለም። ይህ ንዴት እውነተኛ ነው፤ ግን ወዴት ሊያደርሰን እንደሚገባ ማሰብ ያስፈልጋል። የኤንቢኤ ተጫዋቾች ሲጎዱም የሚከፈላቸው ባለንብረቶች ቸር ስለሆኑ አይደለም። ማኅበራቸውን በ1954 መሠረቱ፤ በ1964 ቦስተን ላይ የኦል ስታር ጨዋታ ሊጀመር፣ ቴሌቪዥኑ እየጠበቀ፣ የጡረታ ዋስትና ካልተሰጠን አንወጣም ብለው በመልበሻ ክፍል ቀሩ፤ ቃል ሲገባላቸው ወጡ። ዛሬ ያለው የተረጋገጠ ውል በዚያ መንገድ በተጓዘ ድርድር የመጣ ነው። በአሜሪካን ፉትቦል ይህ ዋስትና በጣም የሳሳ በመሆኑ ብዙ ተጫዋች በተጎዳ ማግስት ይሰናበታል። የተጎዳ ሠራተኛ ደመወዙ እንዲቆም መመኘት ለሹፌሩም አይበጀውም፤ የሚበጀው የእሱም እንዳይቆም መጠየቅ ነው።

ዎል በዚያ በተቀመጠበት ዓመት ምን ላይ እንደነበረም መዘንጋት የለበትም። እናቱ በዲሴምበር 2019 በጡት ካንሰር ሞተች። በ2022 ራሱ በአደባባይ እንደተናገረው ሕይወቱን ለማጥፋት እስከማሰብ ደርሶ ነበር። ወረርሽኙ በ2020 ሲገባ በከተማዋ ስምንተኛ ወረዳ ለሚኖሩ ቤተሰቦች የቤት ኪራይ የሚውል ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባሰበ። ይህ ውሉን ጥሩ ውል አያደርገውም። ተጫዋቹን ሌባ የሚለውን አፍ ግን ሊያዘጋ ይገባ ነበር።

በዲሴምበር 2020 ዋሽንግተን ዎልን ከአንድ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ጋር ለሂውስተን ሰጥቶ ዌስትብሩክን ወሰደ። ዌስትብሩክ በሁለት ዓመት ውስጥ ለሁለት «የማይፈለጉ» ፖይንት ጋርዶች መለወጫ ሆነ ማለት ነው። ዎል ለሂውስተን 40 ጨዋታ ተጫውቶ በአማካይ 20.6 ነጥብ አስቆጠረ። በቀጣዩ ዓመት ግን ቡድኑ ለወጣቶቹ ቦታ ፈለገ፤ መጫወት የሚችል ዎል በስምምነት ተብሎ ዓመቱን ሙሉ አልተሰለፈም፤ 44 ሚሊዮን ተከፈለው። በ2022 ከሂውስተን ሲለያይ ከ47 ሚሊዮኑ 6 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ትቶ ወደ ክሊፐርስ ሄደ፤ 34 ጨዋታ ተጫወተ። በአራቱ የሱፐርማክስ ዓመታት ድምሩ 74 ጨዋታ ነው። ከእነዚህ አራት ዓመታት አንዱን ሙሉ የወሰደበት ጉዳት አልነበረም። የቡድን ዕቅድ ነበር። ቁጥሩን እየጠሩ የሚያላግጡበት ሰዎች ይህንን አይጠቅሱም።

የቅርቡ ጉዳይ የሊላርድ ነው። ያ በመጀመሪያ ጨዋታው ከናሽ ጋር የተጋጨው ወጣት በ2022 ከፖርትላንድ ጋር ለ2025-26ና ለ2026-27 ከ110 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያስገኝ ማራዘሚያ ፈረመ፤ ውሉ የሚጠናቀቀው 36 ዓመቱ ላይ ነበር። በ2023 ወደ ሚልዋኪ ሲዛወር ውሉም አብሮት ሄደ። በአፕሪል 2025 ከኢንዲያና ጋር ሲጫወቱ የአኪሊስ ጅማቱ ተበጠሰ። በጁላይ ሚልዋኪ አሰናበተው፤ በደንቡ መሠረት የቀረው የሁለት ዓመት ደመወዝ በአምስት ዓመት ላይ ስለሚዘረጋ በየዓመቱ 22 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ከጣሪያቸው ላይ ይያዛል። በተገኘው ክፍተት ማይልስ ተርነርን አስፈረሙ። ሊላርድ ደግሞ ወደ ፖርትላንድ በ42 ሚሊዮን የሦስት ዓመት ውል ተመለሰ። ውሉን የጻፈው ፖርትላንድ ነው፣ ዕዳውን የሚሸከመው ሚልዋኪ ነው፣ ተጫዋቹን በርካሽ ያገኘው እንደገና ፖርትላንድ ነው። የሚልዋኪ ደጋፊ እስከ 2030 ድረስ ማሊያውን ለማያጠልቅ ሰው ከቡድኑ ድርሻ ይቀነስበታል። የሊላርድ ጥፋት ምኑ ላይ ነው? ጅማት ነው የተበጠሰበት።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን በር በደንቡ ውስጥ በጠባቡ ተከፍቶ ይገኛል። የማያሚው ክሪስ ቦሽ በደም መርጋት ሕመም መጫወት እንደማይችል በ2017 ሲረጋገጥ ቀሪ ደመወዙ ከቡድኑ ጣሪያ ላይ ተነሣ፤ ቦሽ ገንዘቡን ተቀበለ። ይህ የሚሠራው ለጨዋታ ዘመን ማብቂያ ብቻ ነው። እንደ አኪሊስ ላለ ሙሉ የውድድር ዘመን ለሚወስድ ጉዳትም ከደመወዙ ግማሽ ያህሉ ለዚያ ዓመት ከጣሪያው ቢነሣ ተጫዋቹ የፈረመውን ያገኛል፣ ደጋፊውም ቡድኑ ሰው ሲያስፈርም ያያል። ቡድኖች ያጭበረብሩበታል የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ሂውስተን ጤነኛ ሰው ለዓመት ማስቀመጥ እንደሚቻል አሳይቷል፤ ቦታ ለማግኘት ሲሉ የቆሰለውን አልዳነም የሚሉ ሐኪሞች አይጠፉም። ስለዚህ ውሳኔው ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር በጋራ በሚሰይሙት ሐኪም እጅ መሆን አለበት። የሱፐርማክስ ማራዘሚያም የአሮጌው ውል ሁለት ዓመት ሲቀረው እንዳይፈረም፣ የመጨረሻው ዓመት እስኪገባ እንዲጠበቅ ቢደረግ፣ ዋሽንግተን በ2017 የወሰነውን በ2018 ክረምት፣ የዎል ጉልበት አንድ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ፣ ዓይኑን ከፍቶ ይወስን ነበር።